ያመለጠ ቅንጣትና የተተወ ቅንጣት

አንድ ዕቃ ቀድሞ ይዞት ከነበረው ነገር ተራግፎ ሌላ ነገር እንዲይዝ በሚሰናዳበት ጊዜ፣ አሰናጂው ሰው እስከ የት ድረስ ሊያጸዳው ይገባዋል? ጥያቄው ሲሰሙት የወጥ ቤት ጥያቄ ይመስላል፤ ነገር ግን ሙሴ በሕጉ ብዙ ቃል ያወጣበት፣ የአይሁድ ሊቃውንት ትውልድ ከትውልድ እየተቀባበሉ የተከራከሩበት፣ የቤተ ክርስቲያናችንም ሥርዓት ስለ ንዋያተ ቅድሳት በደነገገው ሁሉ የሚመልሰው ጥያቄ ነው። እኔ ግን ዛሬ የማነሣው ከቤተ መቅደስም ከወጥ ቤትም ተነሥቼ ሳይሆን፣ በአሜሪካ አገር አዳኞችና የዒላማ ተኳሾች በየቤታቸው ምድር ቤት ካቆሙት የሥራ ጠረጴዛ ተነሥቼ ነው። ይህንም የመረጥሁት ለነገሩ እንግድነት ብዬ አይደለም። በሌላው ሥራ የአጽጂው ዝንጋዔ ዘግይቶ ይገለጣል፣ ወይም በሌላ ምክንያት ተሸፍኖ ይቀራል፣ ወይም ጭራሹን ሳይታወቅ ይታለፋል፤ በዚህ ሥራ ግን የተረሳው ነገር መልስ የሚሰጠው ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ፣ ያውም ከተኳሹ ጉንጭ አጠገብ ሆኖ ነው። ስለ ጽዳት የምናስበው ሐሳብ ልክ መሆን አለመሆኑ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ሊደበቅ አይችልም።

ለማያውቀው አንባቢ ነገሩን በአጭሩ ማስረዳት ይገባል። ጥይት ከተተኮሰ በኋላ የሚቀረው ቀለህ ከናስ የተሠራ፣ ዋጋውም የከበደ በመሆኑ፣ በዚያ አገር ብዙ ሰዎች ቀለሁን ለቅመው፣ በመጫኛ መሣሪያ ቅርጹን መልሰው፣ የተቃጠለችውን መለኮሻ አውጥተው በአዲስ ከተኩ በኋላ፣ ባሩድ ሰፍረው ይጨምሩበትና ዐረሩን አፉ ላይ ተክለው ዳግመኛ ጥይት ያደርጉታል። አንዳንዱ ይህን የሚያደርገው ወጪ ለመቆጠብ ነው፤ አንዳንዱ ለራሱ ጠመንጃ ጠባይ የተስማማ ጥይት ለማግኘት፤ ሌላውም ካያቱ ለወረሰው ጠመንጃ ጥይት የሚሠራ ፋብሪካ ስለጠፋ። ባሩድ ሠሪዎቹ ለየትኛው ቀለህና ለየትኛው ዐረር፣ ከየትኛው ባሩድ ምን ያህል እንደሚገባ የሚያስረዳ መጽሐፍ እያተሙ ያወጣሉ። ሥራው ብቻውን በተቀመጠ ሰው የሚሠራ፣ ተቈጣጣሪ የሌለው ነው።

ባሩዱ ግን አንድ ዓይነት አይደለም፤ የነገሩም ሥር እዚህ ላይ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪዬይ በ1884 እ.ኤ.አ. ጭስ አልባውን ባሩድ ካወጣ፣ አልፍሬድ ኖቤልም በ1887 ናይትሮግሊሰሪን የገባበትን ሌላውን ዓይነት ካስከተለ ወዲህ፣ የባሩድ ሠሪ ጥበብ ዋናው ቁም ነገር የቃጠሎውን ፍጥነት መግራት ሆኗል። አጭር አፈሙዝ ያለው ሽጉጥ ቶሎ ነድዶ የሚያልቅ ባሩድ ይፈልጋል፤ ረጅሙ ጠመንጃ ግን ዐረሩን በአፈሙዙ ርዝመት ሁሉ እየገፋ የሚከተል ዘገምተኛ ባሩድ ያሻዋል። ከ1898 ጀምሮ የሚታወቀውና ቡልዝአይ የሚባለው ፈጣን ባሩድ ለ.38 ስፔሻል ሽጉጥ ከ5 ግሬይን ያነሰው ይበቃዋል፤ አንድ ግሬይን የፓውንድ 7,000ኛ እጅ ነው። የ.30-06 ጠመንጃ ግን ከዘገምተኛው ባሩድ 50 ግሬይንና ከዚያም በላይ ይጐርሳል። ይህ ጠመንጃ እንዲሸከም የተወሰነለት ግፊት በካሬ ኢንች 60,000 ፓውንድ ሲሆን፣ ለዘገምተኛው በተወሰነው ልክ ፈጣኑ ቢሞላበት ግፊቱ ከዚህ እጅግ አልፎ ብረቱን ይሰነጥቃል፣ መዝጊያውን ይፈነቅላል፣ የተኳሹን ዓይንና እጅ ያጠፋል።

ይህን ያህል የተራራቁት ባሩዶች ደግሞ በመልክ ይመሳሰላሉ። ሁሉም ማለት ይቻላል በግራፋይት ስለሚለበጡ ጥቁር ግራጫ ናቸው፤ አንዳንዱ እንደ ቅርፊት ስስ፣ አንዳንዱ እንደ ጤፍ ድቡልቡል፣ አንዳንዱም እንደ ተቈራረጠ ቀጭን ዘንግ ቢሆንም፣ አንዱን ቅርፊት ከሌላው ቅርፊት ለይቶ ይህ እገሌ ነው የሚል ዓይን የለም። ሬድ ዶት በሚባለው ባሩድ ውስጥ ሠሪዎቹ ቀይ ቀለም የተነከሩ ቅርፊቶችን የጣሉበት ለዚሁ ነው፤ የሚበዙት ግን እንዲህ ያለ ምልክት የላቸውም። ስማቸውም ቢሆን ያሳስታል። 4350 የሚል ቍጥር የያዙ፣ በሦስት ስም የሚሸጡ ሦስት ባሩዶች አሉ፤ ቍጥራቸው አንድ ሆኖ ሳለ ጠባያቸው አንድ ስላይደለ፣ የአንዱን ልክ ለሌላው መጠቀም የተከለከለ ነው።

እንግዲህ ከእነዚህ ባሩዶች መካከል ክፉ የሚባለው የትኛው ነው? ፈጣኑ በሽጉጡ ውስጥ መልካም ነው፤ ዘገምተኛውም በጠመንጃው ውስጥ መልካም ነው፤ የሚገድለው ነገር ከሁለቱ በአንዱም ባሕርይ ውስጥ የለም። ቅዱስ ባስልዮስ እግዚአብሔር የክፋት ምንጭ አለመሆኑን ባስተማረበት ድርሳኑ፣ ክፋት ራሱን ችሎ የቆመ ህላዌ ያለው ነገር እንዳልሆነ ይናገራል። ይህን ትምህርት በልጅነቴ ስሰማው ከሰው ኑሮ የራቀ ረቂቅ ነገር ይመስለኝ ነበር፤ በእጅ የሚዳሰስ ምስክር ያገኘሁለት ግን በእነዚህ ሁለት ጥቁር ዱቄቶች ነው። ሠሪው ሁለቱንም በጥበብ ሠርቷቸዋል፤ ጥፋቱ የሚመጣው ሥፍራቸው ሲናጋ ነው። ቢሆንም ነገሩን በዚህ ብቻ መዝጋት አይቻልም፤ ሥርዓቱ እንዳይናጋ የሚጠብቀው ማን ነው? የሚለው ጥያቄ ይከተላልና።

መስፈሪያው ራሱ አይጠብቀውም። የባሩድ መስፈሪያ የሚባለው መሣሪያ ከላይ ባሩዱ የሚጨመርበት፣ ውስጡን የሚያሳይ የፕላስቲክ ማጠራቀሚያ አለው፤ ከሥሩ በብረት አካል ውስጥ የሚሽከረከር ሲሊንደር አለ፤ በሲሊንደሩም ውስጥ በብሎን የሚሰፋና የሚጠብብ ጐድጓዳ ተበጅቶለታል። እጀታው በአንድ ወገን ሲዞር ጐድጓዳው ወደ ላይ ተመልሶ ይሞላል፤ በሌላው ወገን ሲዞር ደግሞ ይገለበጥና የሰፈረውን በቱቦው በኩል ወደ ቀለሁ ያወርዳል። እንግዲህ ይህ መሣሪያ የሚያውቀው ይዘትን ብቻ ነው፤ ክብደትን አያውቅም፤ ያ የተሰፈረው ነገር ምን እንደሆነማ ከቶ አያውቅም። ሰውየው ክብደቱን ለማረጋገጥ በሚዛን ላይ ቢያስቀምጠውም፣ ሚዛኑ የሚመሰክረው ስንት እንደሆነ እንጂ ምን እንደሆነ አይደለም፤ የተሳሳተው ባሩድ በትክክለኛው ክብደት ሲመዘን ሚዛኑ ያለ አንዳች ተቃውሞ ይቀበለዋል። ኦሪት ዘዳግም በቤትህ ታላቅና ታናሽ መስፈሪያ አይኑርህ ብሎ በሚያዝዝበት ስፍራ የሚከለክለው የመጠንን ማታለል ነው፤ በዚህ ጠረጴዛ ላይ ግን መጠኑ የቀና ሆኖ ሳለ ነገሩ ሐሰት ሊሆን ይችላል። ይህን ሐሰት ሊያውቅ የሚችለው ከመሣሪያዎቹ ሁሉ ውጭ ያለው የሰውየው ልብ ብቻ ነው።

ጐረቤቴ የነበሩ አንድ ሸምገል ያሉ አዳኝ ከአንዱ ባሩድ ወደ ሌላው ሲሻገሩ አጠገባቸው ተቀምጬ አይቻለሁ። መጀመሪያ ያደረጉት ነገር አዲሱን ባሩድ ከቁም ሳጥኑ አለማውጣት ነበር፤ በጠረጴዛው ላይ ሁለት ባሩድ በአንድ ጊዜ አይቆምም የሚለው ደንብ በዚያ ሙያ ዘንድ የጸና ነውና። መስፈሪያውን ከመቆሚያው አንሥተው በማጠራቀሚያው የቀረውን ባሩድ የገዛ ስሙ ወደ ተጻፈበት ዕቃ ገለበጡት፤ ቀጥለው እጀታውን ወደ ላይና ወደ ታች እያመላለሱ በጐድጓዳው የተቀመጠውን አራገፉ፤ የወረደውንም ወደዚያው ዕቃ መልሰው፣ ክዳኑን አጥብቀው ወደ ቁም ሳጥኑ ወሰዱት። ለሚያየው ሰው መስፈሪያው በዚያን ጊዜ ባዶ ነው። እርሳቸው ግን ማጠራቀሚያውን ከብረቱ ፈትተው ወደ መብራት ባዞሩት ጊዜ፣ በፕላስቲኩ ግድግዳ ላይ ደረቅ አየር በሚያመጣው የኤሌክትሪክ ስበት የተለጠፉ ጥቁር ቅንጣቶች ታዩ፤ በለስላሳ ብሩሽ ሲነኳቸውም አንዱ ከአንዱ እየሸሸ ወደ ጥጉ ይዘል ነበር። ከዚያ በኋላ ብሩሹን ወደ ጐድጓዳው አገቡ፤ በሲሊንደሩና በአካሉ መካከል ባለችው ቀጭን ክፍተት ድቡልቡሉ ባሩድ እየሾለከ ይገባል፤ የባሩዱን ክብደት ለማገድ ከማጠራቀሚያው ሥር የተጋደመችው ቆርቆሮም ከበስተኋላዋ የሚቀር ነገር አታጣም። ቱቦውን በጣታቸው ቆረቆሩት፤ ከእርሱም ሁለት ቅንጣት ወረደ። ዘይት አልነኩትም፤ ዘይት የተቀባ ብረት ባሩድ ይይዛልና። አዲሱን ባሩድ ሲያመጡም ስሙን በወረቀት ጽፈው በማጠራቀሚያው ላይ ለጠፉ፤ የመጀመሪያዎቹንም ጥቂት ስፍሮች ጥይት ሳያደርጉ፣ አሠፋፈሩ እስኪጸና ድረስ እየመዘኑ መለሷቸው።

በዚያ ቤት የነበረው የፕላስቲክ ማጠራቀሚያ ከታች በኩል ደፍርሶ ነበር። ናይትሮግሊሰሪን ያለበት ባሩድ ለብዙ ጊዜ ሲቀመጥበት ወደ ፕላስቲኩ ይገባና ያቀልመዋል፤ መሣሪያውን የሚሠሩትም ባሩድ በማጠራቀሚያው ውስጥ እንዳያድር የሚያስጠነቅቁት ስለዚህ ነው። ብረቱ በብሩሽ ይጠራል፤ ፕላስቲኩ ግን የመጠጠውን አይመልስም። ይህን ባየሁ ጊዜ የታሰበኝ በኦሪት ዘሌዋውያን ስድስተኛው ምዕራፍ ያለው ሕግ ነው፤ በዚያ የኀጢአት መሥዋዕት የተቀቀለበት የሸክላ ዕቃ እንዲሰበር፣ የናሱ ዕቃ ግን ተፈግፍጎ በውኃ እንዲታጠብ ታዝዟል። ዘኍልቍም በሠላሳ አንደኛው ምዕራፍ ከጦርነት የተማረከውን ዕቃ ሲለይ፣ እሳት የሚችለው ብረትና ናስ፣ ቆርቆሮና እርሳስ በእሳት እንዲያልፍ፣ እሳት የማይችለው ደግሞ በውኃ እንዲያልፍ ይደነግጋል። ብዙ ሰዎች እነዚህን ሕጎች የጥንት ሰው ፍርሃት አድርገው ይመለከቷቸዋል። እኔ ግን የሚታየኝ የጠራ ምርመራ ነው፤ ሕጉ ዕቃው ምን ያህል ረክሷል ብሎ አይጠይቅም፤ ይህ ዕቃ የመጠጠውን ሊመልስ የሚችል ባሕርይ አለውን? ብሎ ነው የሚጠይቀው። የአይሁድ ሊቃውንትም ከዚህ ተነሥተው ዕቃ የመጠጠውን የሚለቀው በመጠጠበት መንገድ መሆኑን በደንብ አጸኑ፤ በፈላ ውኃ የገባው በፈላ ውኃ፣ በእሳት የገባው በእሳት ይወጣል ማለት ነው። በአገራችን በጐንደርና በአካባቢው ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤልም ለፋሲካቸው አሮጌውን የሸክላ ዕቃ ሰብረው አዲስ ይሠሩ ነበር፤ ሸክላ መሥራት የሴቶቻቸው ሙያ ነበርና የሕጉን ዋጋ በእጃቸው ያውቁት ነበር።

የፋሲካው እርሾ ነገር ወደ ዋናው ጥያቄ ይመራናል። ከበዓሉ አስቀድሞ ባለው ሌሊት አይሁዳዊው የቤት አባት ሻማ ይዞ፣ በላባ እየጠረገ፣ የቤቱን ጥጋጥግ ሁሉ ለእርሾ ይፈትሻል። ከፈተሸም በኋላ፣ ዓይኑ ያላየው ቅሪት ቢኖር እንደ ምድር ትቢያ ይቈጠር ብሎ ያውጃል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሁለት ነገር ተያይዟል፤ ፍለጋውና አዋጁ። አዋጁ ያለ ፍለጋው ቢሆን የሰነፍ ሰው ማመካኛ ይሆን ነበር፤ ፍለጋውም ያለ አዋጁ ቢሆን ሰውየው እስከ ዕለተ ሞቱ ከወለሉ ባልተነሣ ነበር። ከዚህም ጋር የሚሄድ ሌላ ደንብ አላቸው፤ የተከለከለ ነገር ሳይታሰብ በስድሳ እጥፍ በሚበልጠው በተፈቀደ ነገር ውስጥ ቢወድቅ እንደ ጠፋ ይቈጠራል፤ ነገር ግን ሰው ሆን ብሎ፣ ስድሳ እጥፍ አለና ይጠፋል ብሎ፣ የተከለከለውን ሊቀላቅል አይፈቀድለትም።

ሁለት ሰዎችን እናስብ። አንዱ መስፈሪያውን እንደ ሽማግሌው አራግፎ፣ ጠርጎ፣ በብርሃን አይቶ ሲያበቃ፣ በሲሊንደሩ ክፍተት ውስጥ አንዲት የፈጣኑ ባሩድ ቅንጣት ታመልጠዋለች። ሁለተኛው ባዶ መስሎ ስለ ታየው ብቻ ጥቂት ምንም አይደለም ብሎ አዲሱን ከላይ ይጨምርበታል፤ እንደ አጋጣሚም በመስፈሪያው የቀረችው አንዲት ቅንጣት ብቻ ሆና ተገኘች። ሁለቱም የሠሩት ጥይት አንድ ነው። ሁለቱም ቢተኩሱት አንዲቱ ቅንጣት በሺህ በሚቈጠሩ ቅንጣቶች መካከል አንዳች ለውጥ አታመጣም፤ ባሩድ ሐሳብ አያውቅም፣ ትጋትና ዝንጋዔን አይለይም። ታዲያ የአይሁድ ሊቃውንት ሆን ብሎ የተደረገውን ከሳይታሰብ ከሆነው ሲለዩ፣ እኛም ሁለተኛውን ሰው ስንነቅፈው፣ በነገሩ ላይ የሌለ ልዩነት እየፈጠርን ይሆንን?

የዘመናችን ብዙ ሰው አዎን ብሎ ይመልሳል። ሥራ በፍሬው ይመዘናል፤ ፍሬው አንድ ከሆነ ሥራው አንድ ነው፤ የቀረው የኅሊና ጌጥ ነው ይላል። ይህ አነጋገር ለሰሚው ብርቱ ይመስላል፤ በጠረጴዛው ላይ ግን አይቆምም። ምክንያቱም ሁለተኛው ሰው የተወው አንዲት ቅንጣት መሆኑን የምናውቀው እኛ ነን፣ ታሪኩን የፈጠርነው እኛ ነንና፤ እርሱ ግን አያውቅም። ከቆርቆሮዋ በስተኋላ የጐድጓዳ ሙሉ ቢኖርም ኖሮ ያው ያደረገውን ያደርግ ነበር። ፊተኛው ሰው ቅንጣቷን ባያያትም፣ በፍለጋው ስላለፈበት የቀረው ነገር ከዚህ አይበልጥም ለማለት ይችላል፤ ፍለጋው ዳርቻ አበጅቶለታል። ሁለተኛው ዳርቻ የለውም። ስለዚህ ያመለጠው ቅንጣትና የተተወው ቅንጣት በመጠን እኩል ቢሆኑም፣ አንዱ የታጠረ አለማወቅ ነው፤ ሌላው ያልታጠረ አለማወቅ ነው፤ ጠመንጃውን የሚሰነጥቀውም ከዚህ ካልታጠረው የሚወጣው ነው። ትጋትና እውቀት ሁለት ነገሮች መስለውን ሳለ፣ እዚህ ላይ አንድ ሆነው እናገኛቸዋለን፤ ሊቃውንቱም ሆን ብሎ መቀላቀልን ሲከለክሉ የከለከሉት ክፉ አሳብን ብቻ አልነበረም፤ ቍጥሩን ሳይቈጥር ቍጥሩ ይበቃል የሚለውን ሰውም ጭምር ነው።

ከዚህ ጋር መነሣት ያለበት ተቃራኒው ሕመም ነው፤ ጽዳቱ የማይበቃው፣ ጠርጎ ሲጨርስ እንደገና የሚፈታ፣ ኅሊናው ዕረፍት ያጣ ሰው። ይህን ሰው እንደ ትጉህ አድርጎ ማመስገን ስሕተት ነው። ፍለጋ ዳርቻ ለማበጀት ከሆነ ዳርቻው ከታወቀ በኋላ የሚደረገው ፍለጋ እውቀት አይጨምርም፤ ፍርሃትን ብቻ ይቀልባል። ሽማግሌው ብሎኖቹን በየጊዜው ሁሉ ፈትተው አይበትኑም ነበር፤ መብራቱን አጥፍተው ዞር ሲሉ ነገሩን ከልባቸውም ያወጡት ነበር። ጌታ በወንጌል ፈሪሳውያንን የገሠጻቸው ስለ ጽዋው ውጭ ብዙ ደክመው ውስጡን ስለዘነጉ ነው። ውጩን ማጠብ መጨረሻ የለውም፤ የውስጡ ሥራ ግን አንድ ጊዜ በብርሃን ሲታይ ያልቃል።

አሁን ወደ አንድ ነገር ልመለስ፤ እስካሁን ቅሪት እያልን ስንናገር የቆየነው እንደ ርኵሰት ነው። ይህ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ከቍርባን በኋላ ጻሕሉና ጽዋው፣ ዕርፈ መስቀሉም በውኃ ይታጠባሉ፤ ውኃውም ወደ ምድር አይደፋም፣ ካህናቱ ይጠጡታል። እዚያ ቅሪቱ የሚፈለገው ረክሶ ስለ ተገኘ ሳይሆን ቅዱስ ስለሆነ፣ አንዲትም ነጠብጣብ ሥፍራዋ ባልሆነ ቦታ እንዳትወድቅ ነው። ዲያቆኑ ጽዋውን የሚያይበት ዓይንና አዳኙ ማጠራቀሚያውን የሚያይበት ዓይን በአንድ ነገር ይገናኛሉ፤ ሁለቱም የሚፈልጉት የቀረውን ነገር ወደሚገባው ሥፍራ ለመመለስ ነው። አሮጌው ባሩድ ከመስፈሪያው ሲወጣ አልተኰነነም፤ ስሙ ወደ ተጻፈበት ዕቃ ተመልሷል፣ ነገ በሽጉጡ ውስጥ ያገለግላል። ንስሓን እንደ ማጥፋት ብቻ የሚያስቡ ሰዎች ይህን ቢመለከቱ መልካም ይመስለኛል፤ ቍጣ፣ ምኞት፣ ክብርን መውደድ እንኳ ከሰው ባሕርይ ተነቅለው የሚጣሉ አይደሉም፤ እያንዳንዱ በየሥፍራው ሲመለስ የሚያገለግል ኃይል ነውና።

የማይመለስበት ጊዜ ግን አለ። አንድ ሰው ከወራት በኋላ ወደ ጠረጴዛው ተመልሶ በማጠራቀሚያው ውስጥ ባሩድ ቢያገኝና ምን እንደሆነ እርግጠኛ ባይሆን፣ ሕጉ አንድ ነው፤ በመልኩ ሊገምት፣ በጠረኑ ሊያውቅ፣ ይመስለኛል ብሎ ወደ አንዱ ዕቃ ሊጨምረው አይገባም፤ ይጣላል። ባሩዱ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ ምናልባትም ዘጠና ዘጠኝ እጁ እርሱ እንዳሰበው ነው። ቢሆንም ይጣላል። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክቱ በአሥራ አራተኛው ምዕራፍ፣ እየተጠራጠረ የሚበላ ሰው ምግቡ ንጹሕ ሆኖ ሳለ እንኳ እንደሚፈረድበት ይናገራል፤ ይህን ቃል አንዳንዶች ለደካማ ኅሊና የተሰጠ ምክር ብቻ አድርገው ያልፉታል። እኔ ግን ነገሩን ከሥሩ የያዘ ሆኖ አገኘዋለሁ። ንጹሕ የሚለው ስም ለነገሩ የሚሰጠው ነገሩ በራሱ በሆነው ብቻ አይደለም፤ ያ የያዘው ሰው ስለ ነገሩ በእውነት ሊመሰክር በሚችለውም ጭምር ነው። ስሙ የጠፋ ባሩድ በባሕርዩ ምንም ሳይጐድልበት ለሰው ግን ከጥቅም ውጭ ሆኗል።

ጥይት ደግሞ ከተዘጋ በኋላ ምንም አይናገርም። ዐረሩ ከተተከለ፣ በውስጡ ያለው ባሩድ ትክክለኛ ይሁን የተቀላቀለ፣ ከውጭ የሚታይ አንዳች ምልክት የለም፤ በደረቅ ስፍራ ተቀምጦ ለብዙ ዓመታት ሊቈይም ይችላል። የሠራው ሰው ሞቶ ልጁ ሊተኵሰው ይችላል፤ በዒላማ ሜዳ አጠገቡ የቆመ የማያውቀው ሰውም ጕዳቱን ሊካፈል ይችላል። ስለዚህ ጠንቃቃዎቹ በየሣጥኑ ላይ የባሩዱን ስም፣ መጠኑን፣ የዐረሩን ክብደትና ቀኑን ይጽፋሉ። ከዚህም አልፈው በመካከላቸው አንድ ጠንካራ ደንብ አላቸው፤ ሌላ ሰው የሞላውን ጥይት አትተኵስ ይላሉ። ወዳጅህ ቢሆን፣ አባትህ ቢሆን፣ ሣጥኑ የተጻፈበት ቢሆን፣ ቀለሁን ፈትተህ ባሩዱን ጥለህ እንደገና ሙላ እንጂ አትተኵስ። ፍለጋው ያበጀው ዳርቻ የፈላጊው ብቻ ነውና ከጥይቱ ጋር አይወረስም ማለታቸው ነው።

ይህ ደንብ ለእነርሱ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ግን ሰው ሁሉ በዚህ ደንብ ሊኖር አይችልም። ከካህኑ እጅ የምንቀበለው ጽዋ ሌላ ሰው ያጠበው ነው፤ ለልጃችን የምንሰጠው ሽሮፕ ትናንት ሌላ መድኃኒት ሲያልፍበት በነበረ ቱቦ አልፎ የመጣ ነው። በመድኃኒት ፋብሪካዎች ከአንዱ መድኃኒት ወደ ሌላው ሲሻገሩ መስመሩ ተጠርጎ፣ የቀደመው ስም የተጻፈበት ወረቀት ሁሉ ተነሥቶ፣ አንዱ ያጸዳውን ሌላው አይቶ በፊርማው ካላረጋገጠ በቀር ማሽኑ አይንቀሳቀስም። ይህ ሁለተኛ ፊርማ የሚያስፈልገው ፊተኛው ሰው ውሸታም ስለሆነ አይደለም፤ የአንድ ሰው ፍለጋ ለሌላው ሰው እውቀት እንዲሆን ምስክር ስለሚያሻው ነው። በምድር ቤቱ የተቀመጠው አዳኝ ግን ሁለተኛ ፈራሚ የለውም፤ ስለዚህም ለራሱ ብቻ ሞልቶ ራሱ ብቻ ይተኵሳል። እኛ ለሌሎች የምንሰፍር ሰዎች፣ አስተማሪዎች፣ ጸሐፊዎች፣ ዳኞች፣ ካህናትም ብንሆን፣ የሰፈርነውን ሌላ ሰው ተቀብሎ ሲጠቀምበት አጠገቡ አንገኝም፤ መስፈሪያችንንም ከእኛ በኋላ በብርሃን የሚያይልን ሰው ልናስቀምጥ የሚገባን ስለዚህ ነው።